የኤፕሪል የመጨረሻዋ ማንኪያ

አስላውግ የናሙና ጠርሙሶቿን በቅርጫት ይዛ የምድር ቤቱን ደረጃ ስትወርድ፣ አረፋው ሦስተኛው እርከን ላይ ተቀበላት። ከአሥራ ስምንቱ የብረት ጋኖች ክዳን ሥር እየተገፋ የሚወጣ፣ ነጭና ወፍራም አረፋ ነበር። ወለሉን ሞልቶ የሰዎቹን ጉልበት አልፏል። በያጁ ታርዬ በአካፋ ወደ ማፍሰሻው ይገፋዋል፤ የገፋው ቦታ ወዲያው ከኋላው ይሞላበታል።

"ነይ ግቢ እንጂ!" አላት ታርዬ። "ሁላችንም ቬሎ ለብሰን ቆመናል፣ የጠፋው ሙሽራው ብቻ ነው።"

አስላውግ አልሳቀችም። ሽታው አፍንጫዋ ደርሶ ነበር። የዓሣ ዘይት ነው። ከሁለት ሰዓት በፊት በገዛ እጇ አራተኛው ጋን ውስጥ የደፋችው ዘይት ነው። ግን የደፋችው ግማሽ ጠርሙስ አይሞላም። ግማሽ ጠርሙስ ደግሞ አንድ ጋን ያስነጥሰው ይሆናል እንጂ አሥራ ስምንቱን አያስፎክርም። ምን አድርጌ ነው? አለች በልቧ። ምን ዓይነት ጥፋት አጥፍቼ ነው?

በዚያ ምድር ቤት ምን ይሠራ እንደነበር ዛሬ በሸለቋችን የማያውቅ የለም። ያኔ ግን፣ ጀርመኖች ኖርዌይን በያዙ በሦስተኛው ጸደይ፣ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። የወንዛችን ውሃ በኤሌክትሪክ እየተሰነጠቀ፣ ከጋን ወደ ጋን እየተጣራ፣ ከብዙ ሺህ ሊትር አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ከባድ ውሃ ይወጣዋል። ጀርመኖቹ ይህችን ብርጭቆ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነበር የሚጠብቋት። የቤተ ሙከራው ኢንጂነር በበረዶ መንሸራተቻ ወደ ስዊድን ከመጥፋቱ በፊት ለአስላውግ በጆሮዋ ነግሯታል። "ያለ ከሰል የሚነድ ምድጃ እየሠሩ ነው። ሪአክተር ይሉታል። ያለዚህ ውሃ አይነሣላቸውም። ከተነሣላቸው ግን በአንድ ምት አንድ ከተማ ማጥፋት የሚችሉበትን መንገድ ያገኛሉ።"

አስላውግ የአርባ ሦስት ዓመት መበለት ናት። ጠመንጃ ይዛ አታውቅም። የነበራት በየሰዓቱ የጋኖቹን ክዳን ከፍታ ናሙና የመቅዳት መብት ነው። ሌላው ያላት የዓሣ ዘይት ነው።

የዓሣ ዘይት የሌለው ሰው ደግሞ በሸለቋችን አይገኝም። ተራራዎቹ ፀሐይን ከመኸር እስከ ጸደይ ስለሚከለክሉን፣ ከሴፕቴምበር እስከ ኤፕሪል መጨረሻ በየማለዳው አንዳንድ ማንኪያ እንውጣለን። ፋብሪካው ለየሠራተኛው ጠርሙስ ያድላል፤ ጠርሙሱ በልብስ መቀየሪያው ክፍል በየሰው ቁም ሳጥን ይቀመጣል። ኤፕሪል ሲያልቅ የተረፈው ዘይት ወደ ሜይ አይሻገርም። የመጨረሻዋ ማንኪያ ትዋጥና ቀሪው ቦቲ ይታሽበታል፤ ቆዳው ለበጋው እንዳይሰነጠቅ።

አስላውግ ክረምቱን ሙሉ አንዷን ማንኪያ ለራሷ፣ አንዷን ለጋኑ እያለች ቆይታለች። ጋኑ ጥቂት አረፋ ያወጣል፣ ኤሌክትሪኩ ይደክማል፣ ግማሽ ቀን ይቆማል። ጀርመኖቹ አንዴ ወንዙን፣ አንዴ ጋኖቹ ውስጥ የሚጨመረውን ፖታሽ ይወቅሳሉ። እሷም ተመስገን ብላ ዝም ትላለች። ማንም አያውቅም። ባልንጀራ የሚያውቀው ምሥጢር ባልንጀራን ያስገድላል ብላ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። የሸለቋችን ሰው እንዲህ ነው፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ጎረቤት አልረብሽም ብሎ ብቻውን የሚያጠፋ።

ያን ቀን ግን ኤፕሪል ሠላሳ ነበር። ነገ ጠርሙስ ይዞ መታየት አይቻልም፤ እስከ ሴፕቴምበር ምክንያት የለም። ስለዚህ የተረፈውን በሙሉ ደፋችው።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ከደረጃው ላይ የእንጨት ጫማ ድምፅ መጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ሦስት ጊዜ ረገጠ።

"መጣ ደግሞ" አለ ታርዬ በለሆሳስ።

የመጣው ጉንሌክ ነው፤ የምድር ቤቱ አለቃና የአስላውግ ሟች ባል ታላቅ ወንድም። ሃያ ዓመት ሙሉ አንተ ስትለው ኖራ፣ ጀርመኖቹ አለቃ አድርገው በሾሙት ማግስት እርስዎ አለችው፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። ባለፈው ክረምት ለምሥራቅ ግንባር ወታደሮች የቆዳ ጫማ ሲሰበሰብ፣ ሌላው ጫማውን ከጣሪያ ሥር ሲደብቅ፣ ጉንሌክ ማንም ሳያስገድደው የሥራ ቦቲውን ሳይቀር አውልቆ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ የሚሄደው በእንጨት ጫማ ነው። በየበሩ በረዶ እንደሚያራግፍ ሰው ይረግጣል፤ በረዶ በሌለበትም ይረግጣል። "ሹመቱ እግሩ ላይ ወጥቶበት ነው" ትል ነበር አስላውግ፣ ሲሰማም ሳይሰማም።

ጉንሌክ አረፋውን አየ፤ ከዚያ አንድ በአንድ አያቸው። "ኤሌክትሪኩን አጥፉ" አለ። "እኔ ሄጄ ለዶክተሩ እነግራለሁ።"

"አንተማ ትነግራለህ" አለ ታርዬ፣ ጉንሌክ ጀርባውን ሲያዞር።

ዶክተር ዚመል ፋብሪካውን እንዲቆጣጠር ከጀርመን የተላከ ኬሚስት ነው። ቋንቋችንን ያስተማረችው አከራዩ፣ የሰማንያ ዓመት መበለት ስለሆነች፣ እንደ አሮጊት ነበር የሚናገረው። አረፋውን ሲያይ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ።

"ወይ ጉዴ! ወይኔ ልጆቼ! ከአምስት ቀን በኋላ የተቀጠረ ጭነት ነበረብኝ እኮ! ለበርሊን ምን እላለሁ?"

ከኋላው የጥበቃው አዛዥ ሻምበል ሬሽ ወረደ። ሻምበሉ አልጮኸም። ጓንቱን አውልቆ ጣቱን አረፋው ውስጥ ነከረና አሸተተ። ከዚያ ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሄዶ ቁም ሳጥኖቹን ከውጭ አያቸው። ቁልፉን ጠየቀ። ጉንሌክ ባርኔጣውን አውልቆ፣ "እሺ ጌታዬ" ብሎ በሁለት እጁ ሰጠው። ሻምበሉ ማንም ሰው እንዳይነካ በሩን በሰም አሳተመና ሁለት ወታደር አቆመ። ዚመል ትእዛዙን ተረጎመ።

"ሻምበል እንዲህ ይላሉ። የዓሣ ዘይታችሁ በአንድ ቀን፣ በአንድ ልክ ነው የታደለው። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሳጥኖቹ ይከፈታሉ። ከሌሎቹ የጎደለ ጠርሙስ ያለው ሰው... በግቢው ግድግዳ ሥር ይረሸናል። አሁን ወደየቤታችሁ ሂዱ፣ ልጆቼ።"

በሥራ ልብሳቸው፣ በረጠበ ቦቲያቸው ወጡ። አስላውግ እግሯ እየተንሸራተተባት ሄደች። ጠርሙሷ ከዚያ በሰም ከታሸገ በር ኋላ ባዶውን ቆሟል። ሥራው በስምንት ሰዓት ስለተቋረጠ ሌሎቹ ቦቲያቸውን የሚያሹበት ጊዜ አላገኙም፤ የሁሉም ጠርሙስ ግማሽ ይሆናል። የእሷ ብቻ ባዶ።

ቤቷ ገብታ ድንች ቀቀለች፣ አልበላችውም። በመምህራን ትምህርት ቤት ላለችው ልጇ ደብዳቤ ጻፈች። ስለ ፍየሏ፣ ስለ ክረምት ሹራቦቹ፣ ስለ ቤቱ ወረቀት ጻፈችና መጨረሻ ላይ "አልተጸጸትኩም" የሚል ጨመረች። አንድ ነገር ብቻ ቆርጣለች። ሳጥኗ ሲከፈት ብቻዬን ነኝ ትላለች። ፍርሃት አልነበራትም ማለት ውሸት ነው። ግን ውሃው ከአምስት ቀን በኋላ አይጫንም። ይህ ደግሞ አስደሰታት፤ ብቻዋን ኩሽና ውስጥ ቆማ ፈገግ አለች።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለቱ የምድር ቤት ሠራተኞች ከሳጥኖቻቸው ፊት ተሰለፉ። ሻምበሉ ሰሙን ሰበረ።

የመጀመሪያው የታርዬ ሳጥን ነው። ወታደሩ ጠርሙሱን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። ባዶ።

ሻምበሉ ፈገግ አለ። ታርዬ ጣሪያውን ያያል፤ ጆሮው ብቻ ቀልቷል። ተናገሪ አለች ለራሷ፣ ሰውየው በአንቺ ጥፋት ሊረሸን ነው። አፏን ስትከፍት ወታደሩ ሁለተኛውን ሳጥን ከፈተ። የእሑድ ሰባኪው ነው፤ ሲጋራ እንኳ ኃጢአት ነው የሚል ሰው። ባዶ።

ሦስተኛው ባዶ። አራተኛው ባዶ። የሻምበሉ ፈገግታ ከሳጥን ወደ ሳጥን እየቀነሰ ሄደ። ስድስተኛው ስታሌ ነው፣ ከባለሥልጣኖቹ ጋር ጠጥቷል እየተባለ ማንም የማያናግረው። የእሱም ባዶ፤ እንዲያውም ጥሩ አድርጎ ተጠርጓል። ሰባተኛው የአስላውግ ነበር። ሲከፈት ማንም ወደ እሷ አላየም። ሁሉም የጎረቤቱን ጠርሙስ አይቶ፣ የመጣበትን ሳቅ በጥርሱ ይዞ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሏል። ክረምቱን ሙሉ ጎን ለጎን ቆመው፣ እያንዳንዱ ብቻዬን ነኝ እያለ ነበር። ኤፕሪል ሲያልቅም እያንዳንዱ የተረፈውን ሁሉ ደፋ። አስላውግ የምትወዳቸው መሆኑን ያን ጊዜ አወቀች፤ እንባዋ መጣባትና ዋጠችው።

አሥራ አንድ ጠርሙስ ባዶ ሆነ። አሥራ ሁለተኛው የጉንሌክ ነው። ወታደሩ አውጥቶ አነሣው። እስከ ቡሹ ድረስ ሙሉ ነው፤ አንዲት ማንኪያ አልጎደለችም።

በቃ፣ አለች አስላውግ። እሱ ብቻ። ከሁላችንም እሱ ብቻ!

ሻምበሉም እንዲሁ አሰበ መሰል፤ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ጉንሌክ ቀረበ። ዚመል ተረጎመ። "ሻምበል የሚሉት፣ ከዚህ ሁሉ መሐል አንድ ንጹሕ ሰው አገኘሁ ነው። አንተ ንገረኝ፣ እነዚህ ሰዎች ዘይቱን ምን አደረጉት? የአንተን ቃል እቀበላለሁ ይላሉ።"

የአሥራ አንድ ሰው ነፍስ ጉንሌክ አፍ ላይ ነበረች። እሱ ግን አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገ፤ መሐረቡን አጠፈ፤ ኪሱ ከተተ።

"ትናንት ኤፕሪል አለቀ፣ ጌታዬ" አለ።

"እና?"

"ኤፕሪል ሲያልቅ የተረፈው ዘይት ቦቲ ይታሽበታል። አያቴም አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርጉት። እነዚህም ትናንት በምሳ ሰዓት ቦቲያቸውን አሹ። አሽተው እጃቸውን ሳይታጠቡ ወደ ጋኖቹ ሄዱ። ጅሎች ናቸው። እኔ አለቃቸው ስለሆንኩ እጃችሁን ታጠቡ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እኔም ጅል ነኝ።"

ዚመል ይህን ሲተረጉም ሻምበሉ በእጁ ምልክት ሰጠ። ወታደሩ ተንበርክኮ የታርዬን ቦቲ አሸተተ፤ ፊቱን አጨማደደና አንገቱን ነቀነቀ። የሰባኪውንም አሸተተ። የአስላውግንም። ሁሉም ቦቲ ይሸታል፤ ሁሉም ያብረቀርቃል። ትናንት ያን ሁሉ አረፋ እስከ ጉልበታቸው ረግጠውት የለ!

"የአንተስ?" አለ ሻምበሉ። "የአንተ ዘይት ለምን ተረፈ?"

ጉንሌክ አንድ እግሩን አነሣና የእንጨት ጫማውን በጣቱ ቆረቆረው። "እንጨት ዘይት አይጠጣም፣ ጌታዬ። የቆዳውን ለወታደሮቻችሁ ሰጥቻለሁ። ደረሰኙ አለኝ። መዋጡን በተመለከተ ደግሞ ከልጅነቴ አይወርድልኝም፤ ይቺ የወንድሜ ሚስት ምስክር ናት።"

ሁሉም ወደ አስላውግ ዞሩ። ጉንሌክ በገና ራት ከዓሣው በፊት ሁለት ማንኪያ ሙሉ ሲጨልጥ፣ ሦስተኛ ሲጠይቅ፣ ሃያ ዓመት አይታለች። አየችው። እሱም አያት፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም።

"አይወርድለትም" አለች። "እንደ ሕፃን ነው የሚተፋው። ባሌ ነፍሱን ይማረውና አፍንጫውን ይዞለት ነበር።"

ታርዬ የሚያስል መስሎ ፊቱን አዞረ።

ሻምበሉ ግን ሞኝ አልነበረም። "ዶክተር፣" አለ፣ "ይህ የቦቲ ተረት እውነት ነው?"

ዚመል አንገቱን ደፋ። የራሱን ጫማ እያየ ነበር። ቀስ ብሎ እግሩን አነሣ። ቡናማ የቆዳ ቦቲው እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል፣ ሽታውም እስከ አስላውግ ድረስ መጣ።

"አከራዬ..." አለ። "ሴትዮዋ በየጠዋቱ አንድ ማንኪያ ካላጎረሰችኝ አታስወጣኝም። ዛሬ ጠዋት ሳትሰጠኝ ቀረች፤ ምነው ብላት፣ ኤፕሪል አለቀ እኮ ልጄ፣ አለችኝ። ትናንት ከምሳ በኋላ ደግሞ አስቀምጣ ቦቲዬን አሳሸችኝ። በገዛ እጄ።"

"በገዛ እጅዎ" አለ ጉንሌክ በትሕትና። "ከዚያ መጥተው ክዳኖቹን ዞረው ፈተሹ፣ ዶክተር። ሁሉንም። ጓንት አላደረጉም ነበር።"

ዚመል ፊቱ እንደ አረፋው ነጣ። ለሻምበሉ በጀርመንኛ ብዙ ተናገረ፤ በጣም ብዙ፣ በጣም በፍጥነት። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። የምናውቀው ሻምበሉ አንድ ጊዜ አሥራ ሁለቱን ሠራተኞች፣ አንድ ጊዜ የበርሊንን ኬሚስት እንዳየ፣ የሚረሸነው ሰው ብዛትና ማዕረግ በልቡ እንደመዘነ፣ ከዚያም ጓንቱን እንዳጠለቀ ነው። ከእንግዲህ የዓሣ ዘይት ምድር ቤቱ ደጃፍ እንዳይደርስ አዘዘ። ባዶዎቹን ጠርሙሶች አስወሰደ። ሙሉውን ግን ለጉንሌክ መለሰለት።

"ይህ የአንተ ነው" አለው በዚመል አንደበት። "በዚህ ፋብሪካ የማምነው ሰው አንተን ብቻ ነው።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ" አለ ጉንሌክ፣ ባርኔጣውን አውልቆ።

ከሰዓት በኋላ አስላውግ ግቢው ውስጥ ከእንጨት ክምሩ ኋላ ደረሰችበት። ተቀምጦ ቁራሽ ዳቦ በቡናማ አይብ ይበላ ነበር።

"ታውቅ ነበር" አለችው። እርስዎ ማለቱን ረስታው ነበር።

"ከሴፕቴምበር ጀምሮ።"

"የእኔን?"

"የሁላችሁንም። ከእኔ የመስታወት ክፍል ምን የማይታይ ነገር አለ? ሰባኪው ከመድፋቱ በፊት ይጸልያል። ስታሌ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ግማሹን መሬት ያፈሳል፤ ስንት ማታ እኔ ነኝ የጠረግኩት። አንቺ ደግሞ ከደፋሽ በኋላ ማንኪያውን ትልሻለሽ።"

"ለምን አልነገርከንም?"

"እናንተስ ለምን አልተነጋገራችሁም?" አይቡን ቆረሰና ሰጣት። "ትናንት ከረፋዱ ጀምሮ ስድስት ሰው ሲደፋ አየሁ። ተዉ፣ ይበዛል፣ ልበል? ተዉ ካልኩ ማወቄን ታውቃላችሁ። ማወቄን ካወቃችሁ፣ አንዳችሁ ስትያዙ የእኔንም ስም ታወጣላችሁ። ዝም አልኩ። ሰባተኛው ሲደፋ ግን አልዋሽሽም፣ ሳቄ አመለጠኝ።"

አስላውግ አይቡን ይዛ ቆመች። ሁለት ዓመት የሰደበችው ስድብ ሁሉ አንድ በአንድ ትዝ አላት። "ቦቲህን የሰጠኸው..." አለችና ቆመች።

"ቆዳ ድምፅ የለውም" አለ ጉንሌክ። "ድንገት ብመጣባችሁ፣ ወይም እነሱን አስከትዬ ብመጣ፣ በምን ትሰማላችሁ?"

ያኔ ነው ያለቀሰችው። እሱም እንደ ማንኛውም የሸለቋችን ወንድ ሲያለቅሱበት የሚያደርገው ስለማያውቅ ዳቦውን ማኘክ ቀጠለ።

"እና ሙሉው ጠርሙስ?" አለችው አፍንጫዋን ጠርጋ።

"ትናንት ሁላችሁም እንደምትጨርሱ አውቅ ነበር። አንድ ሰው ለበጋው ማስቀረት ነበረበት።" ጠርሙሱን ከኮቱ ሥር አውጥቶ የናሙና ቅርጫቷ ውስጥ፣ ከጨርቁ በታች አስተኛው። "ስምንት ወር ሙሉ አንዲት ማንኪያ አልቀመስኩም፤ አጥንቴን ሲቆረጥመኝ ከረመ። አደራ፣ በአንድ ቀን እንዳትደፊው።"

ጋኖቹ ታጥበው፣ ፈርሰው፣ ተገጥመው እስኪነሡ አሥር ቀን ፈጀ። በርሊን ላይ የሚጠብቁት ጭነት አልሄደም፤ የተጠራቀመው ውሃም ተበላሽቶ ሥራው ከመጀመሪያው ጋን እንደገና ተጀመረ። በአሥራ አንደኛው ቀን ማለዳ አስላውግ ቅርጫቷን ይዛ ወረደች። ሻምበሉ በሩ ላይ ያቆመው ወታደር ጠርሙሶቹን በዓይኑ ቆጥሮ አሳለፋት፤ ዘይቱ በናሙና ጠርሙስ ተገልብጦ ነበርና አንዱ ጠርሙስ ከሌላው አይለይም። ታርዬ ከቧንቧው ሥር አንገቱን አወጣ፤ ቅርጫቱን አየ፤ ጀርባውን ሰጣት። ሰባኪውም ጀርባውን ሰጣት። አንድ በአንድ ሁሉም ዞሩ።

ከላይ የእንጨት ጫማው ድምፅ ተነሣ። ጉንሌክ ለዶክተር ዚመል የሆነ ነገር ሊያሳየው ወደ ሩቁ ጥግ እየወሰደው ነው፤ ከወትሮው ይልቅ ይረግጣል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። አስላውግ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ የአራተኛውን ጋን ክዳን ከፍታ አንዲት ማንኪያ ለካች።